አሞራውን እናውቃለን፣ አብረውት የነበሩትስ?

አያቴ ቤት ግድግዳ ላይ የጣሊያን ኮዳ ተሰቅሎ ነበር። ጎኑ ገባ ያለ፣ ማንገቻው በጠፍር የተተካ። ሴት አያቴ የሚካኤልን ጠበል ይቀዱበት ነበር። ወንድ አያቴ ጎንደር አካባቢ ካለው የጦር ሜዳ፣ ከቁልቋል በር ያመጡት ነው። ስለ ጦርነቱ ስንጠይቃቸው ግን ጀብዱ አይወጣቸውም። «ጤፉ ደርሶ ነበር፤ ማን ያጭደዋል እያልኩ ነው የከረምኩት» ይሉናል። በቃ።

ንጉሡ አዲስ አበባ የገቡት ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ነው። ጎንደር ግን ገና ጦርነት ላይ ነበረች። የጣሊያኑ ጄኔራል ናሲ ዙሪያውን ወደ ከተማዋ የሚያስገቡትን በሮች መሽገው ተቀምጠዋል። ቁልቋል በር የተሰበረው ኅዳር 12 ቀን 1934፣ በኅዳር ሚካኤል ዕለት ነው። ጎንደር ደግሞ ከስድስት ቀን በኋላ። የአጨዳ ወቅት መሆኑን ልብ በሉ። አርበኛው ደሞዝ የለው፣ ስንቁ ከቤቱ፣ ማሳው ሜዳ ላይ።

ከዚያ ዘመን የጎንደሩን አርበኛ አሞራው ውብነህን ሁሉም ያውቃል፤ ይገባቸዋልም። የተከተላቸውን ገበሬ ግን ማን ይጥራው? «እንግሊዝ» የምንለውም ጦር ቢሆን ብዙው ከኬንያ፣ ከኡጋንዳ፣ ከታንጋኒካና ከኒያሳላንድ (ከዛሬዎቹ ታንዛኒያና ማላዊ) የመጣ ጥቁር ወታደር ነበር። ወዲያ ማዶ ምሽግ ውስጥ ደግሞ ከጣሊያኑ ጎን ኤርትራዊው አስካሪ፣ ማለትም የቅኝ ግዛት ወታደር፣ እና የኛው አገር ሰው አለ። ባንዳ ብለን ወሬውን እንዘጋዋለን። ከፊሉ በወር ደሞዝ፣ ከፊሉ በቂም የገባ ነው። ይህን በማለቴ የሚቆጣኝ አይጠፋም፤ ይቆጣ። አላመሰገንኩትም፣ ሰው ነበር ነው ያልኩት።

የሚከነክነኝ ሌላ ነው። ካራቢኔሪ የሚባሉት የጣሊያን ወታደራዊ ፖሊሶች በዓመት በዓመቱ በዚያው ቀን ቁልቋል በር ላይ የወደቁባቸውን ያስባሉ። ተሸንፈው! እኛ ያን ቀን ሚካኤልን እናነግሣለን፣ ቆሻሻ እናጥናለን። ደግ ነው። ግን ከጭሱ መሀል ስለዚያ በር የሚያነሳ ሰው ሰምቼ አላውቅም።

ሐውልት ይቁም አላልኩም፤ ለሐውልት ኮሚቴ ይቋቋማል፣ ኮሚቴው ደግሞ አበል ይበላል። የታሪክ መምህራን ለተማሪዎቻቸው አንድ የቤት ሥራ ይስጡ። በየሰፈሩ ያሉ አረጋውያንን «አባትዎ ከማን ጋር ዘመቱ?» ብለው ይጠይቁ፣ ስሙን ከነአባቱ ይጻፉ። ደብተር ይበቃል።

አያቴ ከመንደራቸው አብረዋቸው የሄዱትን አምስት ሰዎች በጣታቸው ይቆጥሩልን ነበር። እኔ ዛሬ የማስታውሰው የሁለቱን ስም ብቻ ነው።