መዝገበ ቃላት ለምኔ!

ዕድሜ ለቃል በቃል ተርጓሚው! የእንግሊዝኛ ሐረግ ሲገጥመው ወገቡን ታጥቆ፣ አንዷንም ቃል ሳያስተርፍ ይፈታታል። «ገባህ?» ሲሉት ራሱን ከላይ ወደ ታች ይነቀንቃል፣ አለቀ።

«ሂ ኪክድ ዘ ባኬት» የሚለውን እንይ። ኪክ መምታት፣ ባኬት ባልዲ። እንግዲህ ሰውዬው ባልዲውን በእርግጫ ብሎታል። ቀጣዩ መስመር ስለ ቀብሩ ቢያወራም ጀግናችን አይደናገጥም፤ ባልዲው ከባድ ይሆናላ! በአማርኛ «ዓይን ያወጣ ውሸት» ሲባል የማን ዓይን ወጣ ብሎ የማይጠይቅ ሰው፣ እንግሊዝኛ ላይ ሲደርስ ባልዲ ፍለጋ ይወጣል።

«አይ ካንት ፑት አፕ ዊዝ ሂም»ንም አይፈራም። ፑት ማስቀመጥ፣ አፕ ላይ፣ ዊዝ ጋር። ሦስቱ ተጣብቀው «መታገስ» የሚል አንድ ግስ መሆናቸው ምን አገባው? የሰው ጠባይ አንገፍግፎት የተናገረው ምስኪን በእሱ ትርጉም ዕቃ ጫኝ ሆኖ ያርፋል። «ዩ ካን ሴይ ዛት አጌን» ያለው ወዳጁማ «እውነትክን ነው» ማለቱ ነበር። ጀግናችን ግን ያንኑ ዓረፍተ ነገር በትህትና ይደግምለታል። ስብሰባ ላይ «ቴብል» ሲባል ደግሞ ብሪታንያዊው ሐሳቡ ለውይይት ይቅረብ፣ አሜሪካዊው ለጊዜው ይቆይ ማለቱ ነው አሉ። ለእሱ ጠረጴዛ ያው ጠረጴዛ ነው።

ፈሪዎችም አልጠፉም። ትርጉሙ ከዙሪያው ጋር አልሄድ ሲላቸው ፈሊጥ እንዳይሆን ይጠራጠራሉ። ከፊትና ከኋላ ያሉትን ሁለት ሁለት ዓረፍተ ነገሮች አንብበው ነገሩ የደስታ ይሁን የሐዘን ይገምታሉ። ከዚያ የተማሪ መዝገበ ቃላት ይከፍታሉ፤ ኪክድን ሳይሆን ኪክን ፈልገው፣ ተራ ትርጉሞቹን ዘለው ወደ መጨረሻው ይወርዳሉ፤ ፈሊጦቹ የሚደረደሩት እዚያ ነዋ። እዚያ ካጡት ባኬት ሥር ያያሉ። ምሳሌውን አንብበው ሐረጉን ሙሉውን፣ ከነዓረፍተ ነገሩ ይገለብጣሉ። ይባስ ብለው፣ ከጎኑ «ለቀልድ» የምትል ትንሽ ማስታወሻ ካለች እሷንም አይተዋትም። ምን ዓይነት ሥራ ፈትነት ነው!

ጀግናችን ለዚህ ጊዜ የለውም። ባልዲ መምታት «መሞት» መሆኑን ከሰው የሰማ ዕለት፣ ሐዘን ለደረሰበት ወዳጁ ወዲያው መልእክት ይሰዳል፦ «አይ አም ሶ ሶሪ ዩር ፋዘር ኪክድ ዘ ባኬት።»