የዶሮ መኖ ሆኖ የቀረው ታሪክ

በአሜሪካ ሜይን ግዛት ዳማሪስኮታ የምትባል ትንሽ ከተማ አለች። አጠገቧ፣ በስሟ በሚጠራው ወንዝ ዳር፣ ከ9 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው የኦይስተር (ሥጋው የሚበላ፣ ዛጎል ለበስ የውኃ እንስሳ) ዛጎል ክምር ነበር። የዓሣ ነባሪ ጀርባ ስለሚመስል ዌልባክ ይሉታል። ያከማቹት የአካባቢው ነባር ነዋሪዎች የሆኑት የዋባናኪ ሕዝቦች ቅድመ አያቶች ናቸው። ከዛሬ 2,200 ዓመት ገደማ ጀምሮ ከ1,000 ዓመት በላይ፣ ትውልድ በትውልድ እየተተካ እዚያው ተመገቡ፣ ዛጎሉንም እዚያው ጣሉ።

በ1886 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ዛጎሉን የሚፈጭ ፋብሪካ መጣ። ክምሩ እየተዛቀ ለዶሮ መኖ ተሸጠ። እስከ 1891 አብዛኛው አለቀ። በአምስት ዓመት! ከሃርቫርዱ ፒቦዲ ሙዚየም ጋር የሚሠራ ሰው ቁፋሮውን እየተከታተለ የተገኙ ዕቃዎችን ሰብስቧል። ውለታው ትልቅ ነው፤ የፈረሰውን ግን አይመልስም።

«የተጣለ ዛጎል ምን ያስቆጫል?» የሚል አይጠፋም። እኔን በጣም ያስቆጨኛል። መሶብ ውስጥ ከታች ያለው እንጀራ ቀድሞ የተጋገረው ነው አይደል? ክምሩም እንደዚያው ነው። የታችኛው ንጣፍ የቀደሙትን ሰዎች፣ የላይኛው የኋለኞቹን ኑሮ ይናገራል። ንጣፉ አንዴ ከተደባለቀ ግን የትኛው ዕቃ ከየትኛው ዘመን እንደሆነ መለየት ያስቸግራል። ሌላም አለ። የሜይን አፈር አሲዳማ ስለሆነ አጥንትን ቶሎ በልቶ ያጠፋል። የዛጎሉ ካልሲየም ግን አሲዱን ያበርደዋል። ስለዚህ ሌላ ቦታ የሚጠፋው የእንስሳና የዓሣ አጥንት፣ ከአጥንት የተሠራው መሣሪያ ሳይቀር፣ እዚህ ይቆያል።

አሁን ደግሞ ባሕሩ መጥቷል። በሜይን ጠረፍ 2,000 ያህል የዛጎል ክምሮች አሉ፤ አብዛኞቹን ከፍ እያለ የሚሄደው ውኃ ከሥር እየሸረሸራቸው ነው። የሜይን ዩኒቨርሲቲ በጎ ፈቃደኞችን አሰልጥኖ ክምሮቹን እያስለካ፣ ፎቶ እያስነሳ ነው። ደስ የሚል ሥራ ነው። ለእኔ ግን አይበቃም። ሁሉንም ማዳን ስለማይቻል፣ ውኃው ከመቅደሙ በፊት የሚጠኑት በቶሎ ይመረጡ፣ በጀትም ይመደብላቸው። የቱ ይቆፈር፣ የቱ አይነካ በሚለው ላይም መጀመሪያ የሚጠየቁት ዋባናኪዎች ይሁኑ። የአያቶቻቸው ማዕድ ነውና።

ዳማሪስኮታ ዛሬም በኦይስተር እርባታ የታወቀች ናት። በዚያ በኩል የሚያልፍ ሰው ከበላ በኋላ ወደ ዌልባክ ጎራ ይበል። ከወንዙ ማዶ፣ ኒውካስል በኩል፣ ግሊደን የሚባለው ሌላው ትልቅ ክምር ነጭ ሆኖ ይታያል። እሱን ፋብሪካው አልፈጨውም።