ወርቅ ቤቱን ሦስተኛ ፎቅ ላይ ሰቅለው «ማንም አልተጎዳም» ይሉናል

ሰሞኑን ጅማ ውስጥ ስለ ኮሪደር ልማቱ በተደረገ አንድ ስብሰባ ላይ መድረኩን የያዘው ሰው እንዲህ አለ። ገበያው ዳር ያሉት ትንንሽ ወርቅ ቤቶችና ሰዓት ሠሪዎች ወደ አዲስ ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ይዛወራሉ፤ ስለዚህ የሚጎዳ የለም። አላበቃም። የሰዓት ሥራ እንደሆነ ጊዜው አልፎበታል፣ አሁን ሁሉም ሰው ሰዓት የሚያየው ስልኩ ላይ ነው ብሎ ጨመረበት። አዳራሹ ውስጥ የሳቁም ነበሩ።

ሰውዬው ይህን ሲናገር ማይክ በያዘበት እጁ ላይ ሰዓት አስሯል። ያውም ጥሩ ሰዓት! ስልክ ከበቃው እሱን ምን ሊያደርግለት አሰረው? ለጌጥ ነው ካለ እሰየው፤ ስብሰባው የተጠራው ስለ ጌጥ ሠሪዎች ነውና። ደግሞ ይሄ «አለቀለት» የሚባል ሟርት አዲስ አይደለም። ሴይኮ እ.ኤ.አ. በ1969 የመጀመሪያውን የኳርትዝ፣ ማለትም በባትሪ የሚሠራ፣ የእጅ ሰዓት ለገበያ ካወጣ በኋላም የሰዓት ሠሪ እንጀራ ተዘጋ ተብሎ ነበር። ስዊዘርላንድ ውስጥ ብዙ ፋብሪካ በዚህ ጦስ ከስሯል። የእኛ ሰፈር ሰዓት ሠሪ ግን ባትሪ መቀየር የሚባል አዲስ ገቢ አገኘ። ማሰሪያ ማሳጠርም አለ። እስካሁን ወንበሩ ላይ ነው።

የማውቀውን አንድ ቤት ላንሳ። ስማቸውን አልጠራም፣ አላስፈቀድኳቸውም። አያት፣ አባት፣ አሁን ደግሞ ልጅ። አያትየው የብር ጌጥ ነበር የሚሠሩት። ብሩ ከየት ይመጣል? ከጠገራ። ያ የኦስትሪያዋ ንግሥት የማሪያ ቴሬዛ ምስል ያለበት፣ 1780 ተብሎ የተጻፈበት የድሮ ሳንቲም 28 ግራም ይመዝናል፤ ከመቶ 83 እጁ ንጹሕ ብር ነው። ሰው ጠገራውን ይዞ ይመጣል፣ ከሰል ላይ ይቀልጣል፣ አምባር ወይም ድሪ ሆኖ ይመለሳል። ሙያው በአንድ ቤት ውስጥ ለሦስት ትውልድ የቆየው ግን በፍቅር ብቻ እንዳይመስላችሁ። አንጥረኛን ጠይብ፣ ቡዳ እያለ የሚያሸማቅቅ አገር ነበረን። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. የእጅ ባለሙያን መስደብ በአዋጅ እስከመከልከል ደርሰዋል። ስድቡ አዋጁን አልሰማም። ሌላው ሰው ልጁን እዚያ ቤት ለሙያ አይልክም፤ ስለዚህ አባት ለልጁ አስተማረ። ያኔ በስድብ ጥግ ያስያዝናቸውን ሰዎች ዛሬ «እሴቶቻችን» እያልን በጭብጨባ ፎቅ ላይ እናወጣቸዋለን።

ሰዓቱን የጨመሩት አባትየው ናቸው። ምክንያቱን ለማወቅ የጅማን ዓመት ማወቅ ያስፈልጋል። ስብሰባው ላይ የተናገረው ሰው የሚያውቀው አልመሰለኝም። እዚህ ወርቅ የሚገዛው ቡና ሲሸጥ ነው። ከጥቅምት ጀምሮ ቡና ይለቀማል፣ ገንዘብ እጅ ይገባል፣ ሰርግ ይከተላል። ያኔ አንጥረኛ እንቅልፍ የለውም፤ ቀለበት፣ ሀብል፣ ጉትቻ። ክረምት ሲገባ ነገሩ ይገለበጣል። ወርቅ የሚገዛ ይጠፋና የሚሸጥ ይመጣል፤ ለማዳበሪያ፣ ለሕክምና፣ መስከረም ሲደርስ ለልጆች ደብተርና ዩኒፎርም። እነዚያን ወራት ቤቱን የሚያበላው ሰዓት ነው። የጅማን ዝናብ ታውቁታላችሁ። ሰዓት ውስጥ ውኃ ይገባል፣ መስታወቱ ከውስጥ ላብ ያልበዋል፣ እንደ ፀጉር የቀጠነችው ስፕሪንግ ትዝጋለች። አጉሊ መነጽሩ፣ ወረንጦውና ጥቃቅኑ ሞረድ ለሁለቱም ሥራ ያው ነው። እጁም ያው ነው። አባትየው ይህን ሲያሰሉ አማካሪ አልቀጠሩም።

አሁን ሐሙስን አስቡ። የጅማው ሂርማታ ገበያ ከአባ ጅፋር ዘመን ጀምሮ ሐሙስ ነው። በዙሪያው ካሉት ወረዳዎች፣ ከሰቃ፣ ከማና፣ ከጎማ የመጣች ሴት ቅቤዋንና ማሯን ትሸጣለች፣ መንገዱን ትሻገራለች፣ ወርቅ ቤቱ ደጃፍ ላይ ትቆማለች። የተበጠሰ ሀብሏን ታወጣለች። ሚዛን ላይ ሲወጣ ታያለች። የወርቅ ጥራት በሚፈተንበት ድንጋይ ላይ ሲታሽ ታያለች። እሳት ሲነካው ታያለች። 21 ካራት ማለት 87.5 በመቶ ወርቅ ነው፣ 18 ካራት 75 በመቶ፤ በመሃል ያለው ልዩነት የእሷ የአንድ ዓመት ላብ ነው። መበየጃው ውስጥ ምን ያህል ሌላ ማዕድን እንደገባ የሚነግራት ደረሰኝ የለም። ያላት ዓይኗ ነው። ዓይኗ ደግሞ የሚሠራው በሩ ወደ መንገድ ስለተከፈተ፣ አላፊ አግዳሚውም አብሮ ስለሚያይ፣ ካጭበረበራት በሚቀጥለው ሐሙስ መጥታ ገበያው መሃል ስለምትጮህበት ነው። ሦስት ትውልድ ሙሉ ያጠራቀሙት ካፒታል ይሄ ነው። እሱን በሊፍት ጭናችሁ ሦስተኛ ፎቅ አታደርሱትም። ሊፍቱ ቢሠራም፣ ማለቴ። ያቺ ሴት ጥበቃ አልፋ፣ ተፈትሻ፣ ጨለማ ኮሪደር ውስጥ የተዘጋ የመስታወት በር አታንኳኳም። ወርቋን ይዛ ትመለሳለች። ወይም መንገድ ላይ ለሚያገኛት ደላላ ትሰጠዋለች።

እሳቱስ? አንጥረኛ ጋዝ ያነዳል፣ አሲድ ይጠቀማል፣ የአሲዱ ጭስ ያስላል። የትኛው የሕንፃ አስተዳደር ነው ከቢሮና ከፀጉር ቤት ጎን ይህን የሚፈቅደው? አይፈቅድም። ስለዚህ ልጁ ወንበሩንና ወናፉን ይጥልና ከዱባይ የመጣ ሀብል ደርድሮ ይሸጣል። በወረቀት ላይ ሱቁ አለ፣ ግብር ይከፍላል፣ «ማንም አልተጎዳም»። ሙያው ግን የለም። ያውም በዚህ ሰዓት! በሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ ይመራ ከተባለ በኋላ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ከ100 አለፈ፤ ወርቁም ተከትሎት ሰማይ ወጣ። አዲስ ወርቅ የሚገዛ ተራ ሰው ስንት ቀረ? የሚበየድ፣ የሚቀልጥ፣ እንደገና የሚሠራ ነው የበዛው። ከመቼውም በላይ የሚያስፈልገን ሠሪው ነው። የሚሸጥማ ሞልቷል።

መንገዱ መስፋቱን አልቃወምም። ጎርፉ የት የት እንደሚተኛ ሁላችንም እናውቃለን። የእግረኛው መንገድም አምሯል፣ እሺ። ግን መንገድ ለማስፋት አንጥረኛን ሰማይ ላይ መስቀል ግድ ነው ያለው ማነው?

አዲስ ሐሳብ ደግሞ ሰምቻለሁ። ጅሬን፣ ከአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት አጠገብ፣ ለቱሪስት የባህላዊ ጌጣጌጥ ማሳያ ቢዘጋጅላቸውስ ይላሉ። ከከተማ ወጥቶ፣ ዳገት ላይ፣ በዓመት አንዴ ለሚመጣ ፈረንጅ መዶሻ እያነሱ ፎቶ መነሳት! ያቺ የሰቃ ሴት እዚያ ምን ልትሠራ ትሄዳለች? እነዚህ ሰዎች ገና በሕይወት አሉ። ሥራ ላይ ናቸው። ሙዚየም የሚገባው ሥራውን የጨረሰ ዕቃ ነው።

የሕንፃው ምድር ቤት ለማን እንደተያዘ ጠየቅኩ። ለባንክና ለካፌ አሉኝ። ያቺ ሴት ባንኳን መርጣ ከጨረሰች ቆይታለች፤ ደጃፉ ላይ ሚዛን ያለው ነው። ካፌው በረንዳ ላይ ከሚደረደሩት ጠረጴዛዎች ሁለቱ ይነሱ። አንጥረኛና ሰዓት ሠሪ የሚቀመጡበት ቦታ ከዚያ አይበልጥም። በሩ ወደ ገበያው ይዙር፣ ለጭሱ መውጫ ይበጅለት፣ ኪራዩም የካፌ ኪራይ አይሁን። ይህን ለመወሰን ሌላ ስብሰባ አያስፈልግም፤ የሚያስፈልገው ፕላኑ ላይ እርሳስ ማሳረፍ ብቻ ነው።