ለሰሜን ተራሮች ጉዞ ጓዝ ይቅለል ወይስ ይሟላ?

የመከራከሪያው ሐሳብ፦ «ከደባርቅ ተነስቶ የሰሜን ተራሮችን ለቀናት በእግሩ የሚያቋርጥ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ ጓዙን ማቅለል አለበት።» ደጋፊዋ የአራት ኪሎ፣ ተቃዋሚው የፒያሳ ነዋሪ ሲሆኑ ሁለቱም እንጦጦን አዘውትረው የሚወጡ ተጓዦች ናቸው።

የአራት ኪሎዋ

ክብደት በሚዛን እንጂ በወሬ አይታወቅም። ምግብ፣ ውሃና ነዳጅ ሳይቆጠሩ ቦርሳ ውስጥ ያለው ጓዝ ከ9 ኪሎ በታች ሲሆን ቀላል፣ ከ4.5 ኪሎ በታች ሲሆን እጅግ ቀላል ይባላል። እኛ ጋ ግን ብዙው ሰው ባዶውን ሁለት ኪሎ ተኩል የሚመዝን ቦርሳ ይገዛና ክፍት ቦታ ባየ ቁጥር የሚጨምርበት ነገር አያጣም። ማቅለል የሚጀመረው ከሦስቱ ትልልቅ ዕቃዎች፣ ማለትም ከቦርሳው፣ ከድንኳኑና ከስሊፒንግ ባጉ (ከመኝታ ከረጢቱ) ነው። በመሄጃ ምርኩዝ የሚቆም ድንኳን የራሱን ምሰሶ ያስቀራል፤ ጥሩ የላባ ስሊፒንግ ባግ ደግሞ አንድ ኪሎ ገደማ እየመዘነ ከዜሮ በታች የሚወርደውን ሌሊት ይችላል። ምግብም ከዚህ አይለይም። ግጭ በተባለው የተጓዦች ማደሪያ ሰፈር፣ 3,600 ሜትር ላይ፣ ውሃ የሚፈላው 88 ዲግሪ አካባቢ ስለሆነ፣ ምስሩ እስኪበስል የሚነደው ነዳጅ ራሱን የቻለ ሸክም ነው፤ ተቆልቶ የተፈጨ በሶ ግን እሳት አይጠይቅም።

አሜሪካዊቷ ኤማ ጌትዉድ እ.ኤ.አ. በ1955፣ በ67 ዓመታቸው፣ ከ3,000 ኪሎ ሜትር በላይ የሆነውን የአፓላቺያን መንገድ ብቻቸውን የጨረሱት በእጃቸው የሰፉትን ከረጢት በትከሻቸው አንግተው፣ ለዝናቡም የመታጠቢያ ቤት መጋረጃ ይዘው ነበር። እኛ ደግሞ ለጥቂት ቀን መንገድ ጋቢ ሳይቀር እንጭናለን። ጋቢ ተራራ ላይ ሸክም እንጂ ልብስ አይደለም፤ አዲስ አበባ ይቅር።

የፒያሳው

«ጋቢ ሸክም ነው» የሚል ዓረፍተ ነገር በአማርኛ ተጽፎ አነባለሁ ብዬ አላሰብኩም ነበር። ያውም ወደ እንጦጦ በወጡ ቁጥር በሽሮ ሜዳ የሸማ ሱቆች መካከል የሚያልፉ ሰው ናቸው የጻፉት! ግጭ ላይ ሌሊቱ በርዶ፣ ጠዋት የድንኳኑ ጨርቅ በውርጭ ደርቆ እንደ ቆርቆሮ ሲንኳኳ፣ ሲጠብቀን ያደረው ስካውት (የፓርኩ ታጣቂ ጠባቂ) ከጋቢው ውስጥ ዓይኖቹን ብቻ አውጥቶ ፍሙን በእንጨት ሲቆሰቁስ ያየ ሰው እንዲህ ያለ ነገር ለመጻፍ እጁ እንዴት ይታዘዝለታል? ያ የተወደሰው ላባ እኮ ከራሰ ተጣብቆ ሙቀት መያዙን ያቆማል። ሸራ ድንኳኔ ቢቀደድ ፒያሳ ውስጥ የሚሰፋልኝ ጫማ ሰፊ አላጣም፤ ሲነኩት የሚንኮሻኮሸው ስስ ጨርቅ ግን መርፌ በገባበት ሁሉ ውሃ ያስገባል።

ወይዘሮ ጌትዉድንም ቢሆን ሙሉ ታሪካቸውን መንገር ይገባ ነበር። በ1954 ሞክረው መንገድ ጠፍቷቸው፣ መነጽራቸው ተሰብሮ ተመልሰዋል፤ በ1955ቱም ጉዞ ብዙ ሌሊት መንገድ ላይ ባስጠጓቸው ሰዎች ቤት አድረዋል። ስለዚህ ያሻገራቸው መጋረጃው ብቻ አይደለም።

የአራት ኪሎዋ

ለበሶው መልስ የለም፤ ለባዶው ቦርሳም የለም፤ ተከራካሪዬን የነካቸው ጋቢው ብቻ ነው። ይሁን፣ በጋቢ እንከራከር። ጋቢ ጥጥ ነው፤ ጥጥ ውሃውን ክሩ ውስጥ አስቀርቶ ከሰውነት ላይ ሙቀት ይወስዳል፤ በክረምት የራሰ ጋቢ ደግሞ እዚያ ከፍታ ላይ በማግስቱም አይደርቅም። ብርድን ከእኔም ከእርስዎም አብልጦ የሚያውቀው የመንዝ ሰው ከበግ ፀጉር ባናና በርኖስ የሚያሠራው ጥጥ የሚሸምንለት አጥቶ አይደለም። ላባ ከራሰ እንደማይጠቅም አውቃለሁ፤ ውሃ በማያስገባ ከረጢት ታስሮ የሚያዘውም ለዚህ ነው፤ ጋቢን ግን ለብሰውት ስለሚሄዱ ዝናቡ ቀድሞ የሚያገኘው እሱን ነው።

ለመሆኑ ይህን ያህል የሚሟገቱለትን ጓዝ ራስዎ ተሸክመውት ያውቃሉ? ደባርቅ ላይ በቅሎ ይከራያሉ። ከቧሂት ተራራ ወደ መሸሃ ወንዝ የሚያወርደውን ቁልቁለት እርስዎ እጅዎን እያወዛወዙ ሲወርዱ፣ የሸራ ድንኳንዎን፣ የብረት ድስትዎንና ፔርሙስዎን ይዛ በድንጋዩ መካከል እግሯን የምታስቀምጥበት የምታጣው እሷ ናት። ስለ ክብደት ለመከራከር እኮ ቢያንስ ክብደቱ የራስ ሊሆን ይገባል።

የፒያሳው

ቅር ብሎኛል፤ ቅር ስላለኝ ግን ክርክሩን አልተውም። ጉልበቴ ከእርስዎ ጉልበት በዕድሜ እንደሚበልጥ እያወቁ «ተሸክመውት ያውቃሉ?» ብሎ መጠየቅ በጓዝ ላይ ከሚደረግ ክርክር ወጥቶ በሰው ላይ መዝመት ነው።

የበቅሎዋ ነገር ከተነሳ ዘንዳ ነጂዋም ይነሳ። ያ ሰው ከእርሻው ጎን ለጎን የልጆቹን ደብተር የሚገዛው ከዚህ ኪራይ ነው። የእናንተ ዓይነት ቦርሳ በበዛ ቁጥር እሱ በቅሎውን አስሮ ደባርቅ ላይ ቁጭ ብሎ ይውላል፤ ከውጭ በዶላር ተገዝቶ በሰው ሻንጣ የመጣ ስስ ድንኳን ለዚህ ገበሬ አምስት ሳንቲም አይተርፈውም። በእኔ ጓዝ ግን ሸራውን የሰፋው ሰው፣ ጋቢውን የሸመነው ሰው፣ በቅሎዋን የሚነዳው ሰው ሁሉም የድርሻውን ያገኛል። እንግዲህ ዋናው ጥያቄ የኪሎ ሳይሆን ገንዘቡ ከማን እጅ ይግባ የሚለው ነው።

የአራት ኪሎዋ

ጥያቄው መቼ የገንዘብ ሆነ? ከላይ የተጻፈው ስለ ጓዝ ነው። በገንዘቡም ቢሆን ግን አልሸሽም። ማቅለል ከመግዛት ሳይሆን ከመተው ይጀምራል፦ ፔርሙሱ ቀርቶ ሁለት ባዶ ሃይላንድ፣ ሁለተኛው ጂንስና ታጣፊው ወንበር ቤት። ይህ ዶላር አይጠይቅም። ነጂውን መጥቀም ከፈለጉ የቀኑን ይክፈሉትና በቅሎዋን ያሳርፏት፤ ለመክፈል የብረት ድስት ማስጫን ግዴታ አይደለም።

ደግሞ ያንን ስካውት ልብ ብለው ይመልከቱት። ከሁላችንም ጓዙን ያቀለለ እሱ ነው፤ ክላሹ፣ ጋቢው፣ ኪሱ ውስጥ ያለችው ቆሎ፣ በቃ። ከእኛ ቀድሞ ጨነቅ ማደሪያ ሰፈር ደርሶ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ የሚጠብቀንም እሱ ነው።

የፒያሳው

ክላሹ፣ ጋቢው፣ ቆሎዋ። ጋቢው ከመካከል መቀመጡን አንባቢ ይመልከትልኝ፤ የጻፍኩት እኔ አይደለሁም። አዲስ አበባ ይቅር የተባለው ልብስ ጨነቅ ድረስ መድረሱ ብቻ ሳይሆን ቀድሞ መድረሱም ተመስክሮለታል።

በቅሎዋን አሳርፎ ለነጂው መክፈል ስለተባለው ደግሞ፣ ሳይሠራ የሚሰጠው ገንዘብ ምጽዋት ነው፤ ነጂው ምጽዋት አልጠየቀንም፣ ሥራ እንጂ። የበሶውን ነገር ዘለሉት ለተባልኩትም እነሆ መልሴ፦ በሶ የምወደው በማር ተለውሶ ነው፤ ማሩ ደግሞ በቅሎዋ ላይ ነው።