ማስተካከያ፦ «ዶክ» ስለተባለው ቢ-29 አውሮፕላን

በአሜሪካ ዊቺታ ከተማ በጎ ፈቃደኞች ያደሱት ቢ-29 ቦምብ ጣይ «ዶክ»፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጃፓንን እንደደበደበና ዛሬ ከዓይነቱ ብቸኛው በራሪ እንደሆነ ቀደም ሲል መገለጹ ትክክል አይደለም። አውሮፕላኑ ለጦሩ የተሰጠው እ.ኤ.አ. በማርች 1945 ቢሆንም ውጊያ አልገባም፤ ከ1956 ጀምሮም በካሊፎርኒያ በረሃ በሚገኘው የባሕር ኃይል መለማመጃ ሥፍራ የተኩስ ዒላማ እንዲሆን ተጥሎ ለአሥርት ዓመታት ፀሐይና አሸዋ ሲፈራረቁበት ኖሯል። በ2000 ተፈታትቶ በጭነት መኪና ወደተሠራባት ዊቺታ ከተመለሰ በኋላ፣ የቦይንግ ጡረተኞች ጭምር የተሳተፉበት የበጎ ፈቃደኞች ቡድን ለዓመታት ጠግኖት ጁላይ 17 ቀን 2016 ዳግም በረረ፤ ይህ ድካም ያልተፈጸመ ጀብዱ ሳይታከልበትም ትልቅ ክብር ይገባዋል። ሌላው በራሪ ቢ-29 «ፊፊ» ሲሆን፣ እርሱም ከዚያው በረሃ ተገኝቶ ከ1971 ጀምሮ በበጎ ፈቃደኞች እንክብካቤ ሥር ይገኛል።