የአባቶቻችንን አጥንት ገደል ጥለን እልል አልን

ወገኖቼ ዛሬ ላሞጋግሳችሁ አልተነሳሁም። ቤተ ክርስቲያን እንወዳለን እንላለን አይደል? ክረምት ሊገባ ሲል ጎጃም ውስጥ በአንዲት የገጠር አጥቢያ የተሠራውን ካየሁ ወዲህ ይሄ "እንወዳለን" የሚባለው ነገር አንገሽግሾኛል። የደብሯን ስም አልጠራም፣ ብጠራው ወዲያው "እነሱ ናቸው" ብላችሁ እንደ ጲላጦስ እጃችሁን ትታጠባላችሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ክቧ አሮጌ ቤተ ክርስቲያን ጠበበች ተባለ፣ ሕንፃ አሠሪ ኮሚቴ ተቋቋመ፣ ከአዲስ አበባም ከውጭም ብር ተሰበሰበ፣ በብሎኬትና በአርማታ ትልቅ ሕንፃ ይሠራ ተባለ። ይሁን፣ ምእመን ዝናብ እየደበደበው ያስቀድስ የሚል የለም። ግን ሕንፃው እንዲያርፍ የተመረጠው በስተምሥራቅ ያለው መቃብር ላይ ነው፣ ከሰበካ ጉባኤውም ከኮሚቴውም አንድ ሰው እንኳ "ቆይ እዚህ ማን ማን ነው የተኛው?" ብሎ አልጠየቀም። ኮንትራክተሩ ስካቫተር አስገባ፣ መጀመሪያ ጽዱና ወይራው ተገነደሰ፣ ከዛ አፈሩ ተዛቀ፣ ከአፈሩ ጋር የራስ ቅል ወጣ፣ የክንድ አጥንት ወጣ፣ የሕፃን መንጋጋ ወጣ። ቆመ? የምን መቆም! ማሽኑ በሰዓት ነው የሚከፈለው አሉ። ሁሉንም ሲኖትራክ ላይ ጭነው ከወንዙ ማዶ ገደል ውስጥ ገለበጡት፣ ሕዝቡም ቆሞ ያያል፣ አንዳንዱ በስልኩ ይቀርጻል፣ በሳምንቱ የመሠረት ድንጋይ ሲቀመጥ ያው ሕዝብ እልል አለ።

እልል!

ገደሉ ጋ ስወርድ አንዲት እናት ነጠላቸውን መሬት ላይ ዘርግተው አጥንት እየለቀሙ አገኘኋቸው። እማማ የማን ነው ብላቸው ቀና እንኳ ሳይሉ "የባሌም ይሁን የሌላ ሰው ባል እኔ እንጃ ልጄ፣ ብቻ ጅብ አይጎትተው" አሉኝ። የምለው ጠፋኝ። ምን ይባላል?

የመቃብሩ ድንጋዮችስ? ጠፍጣፋ ጠፍጣፋው ተመርጦ መሠረት ውስጥ ገባ። አንዱ ተርፎ የጥበቃው ጎጆ በር ላይ ጫማ መጥረጊያ ሆኗል፣ ጭቃውን ስታነሱለት መስቀል ተቀርጾበታል፣ ከመስቀሉ ሥር "ዝንቱ መቃብሩ ለ" ይልና ስሙ ያለበት ጋ ተሰብሯል። ለማን እንደነበር እንግዲህ ማንም አያውቅም፣ ሌላው ስባሪ ኮንክሪት ውስጥ ነው።

አሁን "ታሪካችን ታሪካችን" የምትሉ እስኪ ስሙኝ። የገጠር ደብር ታሪክ ታትሞ መደርደሪያ ላይ አልተቀመጠም እኮ። ያለው በወንጌሉ ባዶ ገጽና ኅዳግ ላይ ማን ለደብሩ የመሬት ጉልት እንደሰጠ ማን ምስክር እንደቆመ በተጻፈው፣ በሽማግሌ አፍ እና በመቃብሩ ነው። የመሬቱ ነገር የካቲት 25 ቀን 1967 በታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ አክትሟል፣ ሽማግሌዎቹም አንድ አንድ እያሉ እየሄዱ ነው፣ መቃብሩ ነበር የቀረው። ለከተማ ሰው የድንጋይ ክምር ይመስለዋል እንጂ እዚያ ሁሉም ቦታ ቦታ አለው፣ ካህናቱ የሚያርፉበት ለብቻ፣ የእነ እገሌ ዘር ከዝግባው በታች፣ በ1880ዎቹ መጀመሪያ በክፉ ቀን ከብቱ በበሽታ አልቆ ሰው ሲረግፍ ቀባሪ ጠፍቶ በጅምላ የተቀበረበት ጥግ፣ በጣልያን ጊዜ የወደቀው አርበኛ ከበሩ በስተቀኝ። መሪጌታው ይሄንን በመቋሚያቸው እየጠቆሙ ለተማሪዎቻቸው ያሳዩ ነበር። አሁን ቢጠቁሙ ፌሮ ነው ያለው።

እንግሊዝ በ1860 ከመቅደላ የዘረፈውን ታቦትና ብራና ይመልስ ብለን ፖስት እናደርጋለን፣ ልክ ነው ይመልስ። የራሳችንን በሲኖትራክ ስናስጭን ግን አንድ ሰው ትንፍሽ አላለም። ሕግም ሳይኖር ቀርቶ አይደለም፣ የቅርስ አዋጁ 209/1992 ቅርስ ከመነካቱ በፊት የባለሥልጣኑ ፈቃድ ይቅደም ይላል፣ ግን ከወረዳው የመጣ አላየሁም፣ የጠራውም የለም። ከውጭ ብር የላክነውስ? የሕንፃውን ዲዛይን ፎቶ አይተን ላይክ አደረግን፣ ሼር አደረግን፣ በቃ።

ደግሞ አፅም ማንሳት ክልክል ነው እያልኩ አይደለም። ቤተ ክርስቲያን ፍልሰተ አፅም ታውቃለች፣ ጸሎቱ ተደርሶ፣ በክብር ተነስቶ፣ ሌላ ቦታ በክብር ያርፋል። ይሄ ያቃተን ብር አጥሮን አይደለም፣ አንድ ቀን መታገስ ከብዶን ነው።

ሰሞኑን እዛው ወረዳ ሌላ አጥቢያም ኮሚቴ አቋቁሟል ሲሉ ሰማሁ። እባካችሁ፣ በእመብርሃን፣ ማሽን ከመግባቱ በፊት አንድ ቅዳሜ ስጡትና ከሽማግሌዎቹ ጋር መቃብሩን ዙሩ፣ ስም በስም ጻፉ፣ በስልካችሁ ቅረጹ። ብር የምትልኩም ከዲዛይኑ በፊት የመቃብሩ ዝርዝር የታለ በሉ፣ ከሌለ አትላኩ። ትሰማላችሁ ብዬ ተስፋዬ ብዙ አይደለም፣ ደክሞኛል። ግን ገደሉ ካለበት አጥቢያ ጥቂት የሰንበት ተማሪዎች ደብተር ይዘው ሽማግሌ ቤት መዞር ጀምረዋል፣ እስካሁን ያገኙት ስም ግማሽ ገጽ አይሞላም። እዛ አካባቢ ዘመድ ያላችሁ ደውሉና አግዟቸው በሉ፣ ቄሰ ገበዙም ወንጌሉን አውጥተው ኅዳጉን ያስነብቧቸው።