ሽቶው ቆዳዬ ላይ እስኪገለጥ ጊዜ ስጡኝ!

የአበባ ሽቶ በግማሽ ደቂቃ አሽትተው የሚገዙት ዕቃ አይደለም። ይህን በየሽቶ ቤቱ እየተናገርኩ ምላሴ ዝሏል፤ ዛሬ እዚህ ልጻፈውና ይውጣልኝ።

አዲስ አበባ ውስጥ ሽቶ ቤት የገባ ሰው ሁሉ ነገሩን ያውቀዋል። ሻጩ ቀጭን ወረቀት ላይ ይረጫል፣ ሁለቴ ያራግባል፣ አፍንጫችሁ ሥር ያስጠጋል። «እንዴት ነው?» መልስ ሳይጠብቅ ሁለተኛውን ያመጣል፣ ሦስተኛውን፣ አምስተኛውን። አፍንጫ ቶሎ ይሰለቻል፤ ከጥቂት ሽቶዎች በኋላ ጽጌረዳውም ቫኒላውም አንድ ላይ ተደበላልቆ መለየት ያቅታል። ልክ በዚያች ሰዓት «የትኛው ይታሸግልሽ?» ይመጣል። ስለ ሽቶው ብትጠይቁ መልሱ ሁልጊዜ ያው ነው፦ «ኦሪጅናል ነው፣ ከዱባይ ነው የመጣው፣ ቀኑን ሙሉ ይቆያል።»

ምኑ ነው ቀኑን ሙሉ የሚቆየው? እኔን የሚያንገበግበኝ እዚህ ላይ ነው። ሽቶ አንድ ሽታ አይደለም። መጀመሪያ አፍንጫ የሚመታው ሎሚው፣ ብርቱካኑና ቤርጋሞት የሚባለው የብርቱካን ዘመድ ነው፤ እነዚህ ቀላል ስለሆኑ በደቂቃዎች ውስጥ ተንነው ይጠፋሉ። አበባው የሚወጣው ከእነሱ በኋላ ነው፤ ጽጌረዳው፣ ጠምበለሉ፣ ያላንግ ያላንግ የሚባለው የሐሩር አገር አበባ። በመጨረሻም ለሰዓታት ቆዳ ላይ የሚቀረው ሰንደል የሚባለው መዓዛማ እንጨት፣ ምስኩና ቫኒላው ነው። ስለዚህ ወረቀቱ ላይ ያሸተትኩት ቤት ሳልደርስ የሚጠፋውን ነው። «ይቆያል» የተባልኩትን ደግሞ ገና አላየሁትም። ታዲያ ምኑን አይቼ ነው የምገዛው?

ወረቀት ሙቀት የለውም፣ ወዝ የለውም፣ ላብ የለውም። ቆዳ ግን አለው፤ ያውም የእያንዳንዳችን ይለያያል። ወዛም ቆዳ ሽቶን ይዞ ያቆያል፤ ደረቅ ቆዳ ግን ቶሎ ይለቃል። ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ባለች ከተማ፣ በበጋው ደረቅ አየር፣ ቆዳችን ምን ያህል እንደሚደርቅ ለማንም አይነገርም። እኔ ሽቶ ከመቀባቴ በፊት ሽታ የሌለው ቅባት እቀባለሁ፣ ልዩነቱም ይታወቀኛል። ይህን ምክር ከሻጭ አፍ ሰምቼው አላውቅም።

በቅርቡ አንድ ሱቅ ገብቼ የጽጌረዳና የጠምበለል ሽቶ የእጄ አንጓ ላይ እንዲረጩልኝ ጠየቅሁ። ልጁ ረጨልኝና ገና ሳይደርቅ «እህቴ፣ አፋትጊው እንጂ፣ ሽታው እንዲወጣ!» አለኝ። ማፋተግ ቆዳን ያሞቃል፤ ያ ደግሞ መጀመሪያ የሚወጣውን ቀላል ሽታ ይበልጥ ያቻኩለዋል። እምቢ አልኩና «ዞር ዞር ብዬ ልመለስ» ስለው ፊቱን አጠቆረ። «ካልገዛሽ ለምን አስረጨሽኝ?» አለኝ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ። ወጣሁ። መንገድ ላይ ሎሚው ወዲያው ጠፋ። ታክሲ ውስጥ ስገባ ጠምበለሉ ወጣ፤ ያ ከበድ ያለ፣ ትንሽ የእንስሳ ጠረን የመሰለ፣ ማታ አጥር ሥር የሚሸተው። ኢንዶል የሚባል ንጥረ ነገር ነው እንዲህ የሚያደርገው፤ ሲበዛ የሚከረፋ፣ በጥቂቱ ሲሆን ግን ለአበባው ሕይወት የሚሰጠው። በጣም ደስ አለኝ። ማምሻውን ግን ጽጌረዳውም ጠምበለሉም ሄደው የተቃጠለ ስኳር የመሰለ ቫኒላ ብቻ ቀረ፣ ራሴንም አመመኝ። ልጁ እንዳለኝ እዚያው ገዝቼው ቢሆን ያን ሁሉ ብር የከፈልኩት ለራስ ምታት ነበር። መመለስ ደግሞ የለም፤ «የተከፈተ ዕቃ አንቀበልም» የሚል ጽሑፍ ግድግዳው ላይ ተለጥፏል።

ታዋቂውን የፈረንሳይ ሽቶ ሻኔል ቁጥር 5ን ተመልከቱ። እ.ኤ.አ. በ1921 ለገበያ የቀረበውን ይህን ሽቶ ቀማሚው ኤርነስት ቦ ሲሠራው አልዴሃይድ የሚባሉ ንጥረ ነገሮችን በብዛት ጨመረበት፤ መጀመሪያ ሲረጭ የሚሸተው አዲስ የተተኮሰ ልብስ የሚመስለው በእነሱ ምክንያት ነው። ጠምበለሉ፣ ግራስ ከምትባለው የፈረንሳይ ከተማ የመጣው ጽጌረዳ፣ ያላንግ ያላንጉ ቀስ ብለው ይመጣሉ፣ ሰንደሉም ይከተላል። በወረቀት ያሸተተ ሰው «የሳሙና ሽታ ነው» ብሎ ትቶት ይሄዳል። እንዲህ ሲባል በጆሮዬ ሰምቻለሁ፣ አንጀቴ ነው ያረረው።

ደግሞ እኛ ለዚህ ነገር እንግዳ ሕዝብ አይደለንም። ከጥርኝ የሚወጣውን ዝባድ በቀንድ እያሸግን ለዘመናት ወደ ውጭ ስንልክ ኖረናል። የፈረንሳይ ሽቶ ቀማሚዎች ይፈልጉት የነበረው የአበባውን ሽታ ቆዳ ላይ ይዞ ስለሚያቆይ ነው። ዛሬ አብዛኞቹ በፋብሪካ በተሠራ ምትክ ይጠቀማሉ። በጠባብ ጎጆ ታስሮ የሚኖረው የጥርኙ ሥቃይ ራሱን የቻለ ሌላ ብሶት ነው፤ ሌላ ቀን እጽፈዋለሁ። ግን ሽቶ ቆዳ ላይ እንዲቆይ የሚያደርገውን ነገር ለዓለም ስትሸጥ በኖረች አገር፣ ገዢ ቆዳው ላይ እንዲሞክር የማይፈቀድለት ለምንድን ነው?

ሻጮቹ ሥራቸው እንደሚከብድ አውቃለሁ። ሳይገዛ ጠርሙሱን አጋምሶ የሚሄድም ሰው አለ። በነጻ ስጡኝ አላልኩም። በሁለት ሚሊ ሊትር ብልቃጥ እየቀዳችሁ ሽጡልን፤ ሰው ወስዶ ቤቱ ይሞክረው፣ ሥራ ቦታ ይሞክረው፣ ከወደደው ትልቁን ሊገዛ ይመለሳል። ይህ ካልሆነላችሁም የአንድ ርጭት ዋጋ ተምኑና አንጓዬ ላይ ስትረጩልኝ እከፍላለሁ። ብቻ ከመግዛቴ በፊት እስከ ማታ ልጠብቀው፣ በሰው ፊትም አትቆጡኝ።